«በዓሉ ይለፍና» ለምትሉ እህቶቼ

ዓደን፣ ሰነዓ፣ ጂዳ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ያላችሁ፣ ሰው ቤት የምታድሩም በቀን ሥራ የምትሯሯጡም፣ ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። ሥራ ጨርሳችሁ ጋደም ስትሉ አንብቡት።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት ልጅ ናት። እዚሁ ተዋሂ ነው የምትሠራው፣ ከእኛ ክፍል ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ስሟንም የመጣችበትንም አልጠራም። ባለፈው ዓርብ ዕረፍቷ ነበርና መጣች፣ ቡና አፈላሁ። ሁለተኛውን እየጠጣች ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣች። ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ውጤት ነው። በዓረብኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል፤ እኔ ሁለቱንም በወጉ አላነብም፣ ያቺን አንዷን ቃል ግን አውቃታለሁ። እኔም ወረቀት ላይ ነበረች።

ሐኪሙ ቶሎ ኬሞ ጀምሪ ብሏታል። ቀጠሮም ሰጥቷታል፣ ኅዳር 23። እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ገና ይለፍና እጀምራለሁ። ለቤት የበዓሉን ልኬ፣ እናቴ በሰላም በዓሏን ውላ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

ቡናውን መቅዳት አቃተኝ። ምክንያቱም ይቺን ቃል እኔም ብያታለሁ። ያውም ሰባት ወር ሙሉ።

እብጠቷን ያገኘኋት የካቲት 2016 ነው። ማታ ሥራ ጨርሼ ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታክል ነገር እጄ ላይ መጣች። ብጫናት አታምም። ካላመመችኝ ምን አገባኝ ብዬ ተኛሁ። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ እንደማያምም በኋላ ነው የሰማሁት። እኛ ደግሞ ያላመመንን ነገር በሽታ አንለውም፤ ያመመንንም ቢሆን በፓናዶል አልፈን ነው የምንሠራው።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ረመዳን ገባ። ረመዳን ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ እስከ ሱሑር ድረስ የማያልቀው ዕቃ። ረመዳን ይለፍ አልኩ። ሚያዝያ 2 ዒድ ሆነ፣ ከዒድ በፊት ምንጣፍና መጋረጃ፣ ከዒድ በኋላ እንግዳ። ዒድ ይለፍ አልኩ። ሚያዝያ 27 ፋሲካ ነው፣ ለቤት የሚላክ ብር አለ፤ ሐኪም ቤት ብሄድ ያቺው ብር ናት የምትወጣው። ፋሲካ ይለፍ አልኩ። ሰኔ 9 አረፋ። ከዚያ ክረምት መጣ፣ የልጆች ምዝገባና ዩኒፎርም። ከዚያ እንቁጣጣሽ። አገሬ ወሎ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ግቢ የሚኖርበት፣ ስለዚህ በዓል አጥቼ አላውቅም። ለቀጠሮ ማራዘሚያ የሚሆንም አላጣሁም።

መስከረም 2017 ስሄድ ሽምብራዋ እንቁላል አክላለች፤ ብብቴ ሥርም ሌላ ነበረች። ዱክቱራዋ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከረመዳን በፊት አልኳት። አልተቆጣችኝም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ። ከቁጣ የባሰ ነበር።

ይሄን ስጽፍ አንድ ነገር ልበል፣ የምትደነግጡ ስላላችሁ። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ግን መሆን አለመሆኑን በእጅ በመዳበስ የሚያውቅ የለም፤ አልትራሳውንድና ናሙና ነው የሚለየው። «መርፌ ከነካው ይበተናል» የሚባለው ደግሞ ወሬ ነው። ስንቷን ቤቷ ያስቀመጠ ወሬ!

ለምን እንደምንደብቅ ብዙ አስቤበታለሁ። ፈሪ ስለሆንን ነው እንዳልል፣ ባሕር በጀልባ ተሻግረን የመጣን ሰዎች ነን። ሚያዝያ 2007 መጨረሻ ላይ ተዋሂ በጦርነት ስትያዝ፣ ሰው በጀልባ ሊሸሽ ወደቡ ላይ ሲጋፋ፣ ከመካከላችን እዚሁ የነበርን አለን። እኛን የሚይዘን ወጋችን ይመስለኛል። ባገራችን ክፉ ወሬ በበዓል አይነገርም። መርዶ እንኳ «በዓሉ ይለፍ» ተብሎ ይቆያል።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ እኔን ያሳደገችኝ ሴት ናት፣ የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት አልጋ ላይ ነበረች። በየሳምንቱ እደውላለሁ። «ትንሽ ብርድ መቷት ነው» ይሉኛል። «ተኝታለች።» «ጠበል ሄዳለች።» አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። ያረፈችው የካቲት ላይ ነው፤ ለእኔ የተነገረኝ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ። አዝነውልኝ ነው፣ ሰው አገር ብቻዋን ሆና ምን ታደርጋለች ብለው። እኔ ግን በፋሲካ ዕለት በኢሞ ደውዬ «አክስቴን አቅርቡልኝ፣ እንኳን አደረሰሽ ልበላት» ብዬ ነበር። እናቴ «ጎረቤት ሄዳለች» አለችኝ። የአክስቴን ሞት ውዬ አድሬ ችዬዋለሁ። ያንን «ጎረቤት ሄዳለች» ግን እስካሁን አልቻልኩትም።

እና እኔው፣ እንደዚያ የተቃጠልኩት ሴት፣ ተራዬ ሲደርስ ለእናቴ ያንኑ አደረግኩባት።

ጥቅምት ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ኅዳር 10 ኬሞ ጀመርኩ። ለእናቴ «ሥራ በዝቶብኝ ነው የማልደውለው» እላለሁ። ለልጆቼ ቪዲዮው ተበላሽቷል እላለሁ። ፀጉሬ በሁለተኛው ሳምንት መውደቅ ጀመረ፤ ሻርፕ አለ፣ እዚህ አገር ደግሞ ሻርፕ ማንም አይጠይቅሽም። ገና ሲደርስ 700 የሳዑዲ ሪያል ላክሁ። የመድኃኒት ዕዳ እያለብኝ ነው የላክሁት፣ እንዳይጠረጥሩ። ካሁን በፊት ስልክ የነበረውን አሳንሼ ብልክ «ምን ሆነሽ ነው» ይላሉ ብዬ።

የገና ዕለት ቪዲዮ ከፈትኩ። ሻርፕ አጥብቄ፣ ከንፈሬን ቀብቼ። በጉ ታርዷል፣ ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ትንሹ ልጄ አዲሱን ጫማ ለካሜራው ያሳየኛል። ሴቷ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ዝም ብላ ታየኛለች። «እማዬ ቅንድብሽስ?» አለችኝ። ፋሽን ነው አልኳት። ሳቀች አልሳቀችም፣ አላውቅም። ማታ እናቴ ለብቻዋ ሆና ደወለች። ሰላምታም የለ። «ልጄ፣ ቅንድብሽ የት ሄደ?»

ለበዓሉ ደስታ ብዬ የደበቅኩት በበዓሉ ዕለት ፈነዳ። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የገንዘቡን ነገር ስትሰማ፣ ዕዳ እያለብኝ እንደላክሁ ስትሰማ፣ ለቅሶዋን አቋርጣ ተቆጣችኝ። «እኔ ያሳደግኩት በግ ነው ልጅ?» አለችኝ። ይሄን ቃል ባለፈው ዓርብ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ፣ ለእናንተም ነገርኳችሁ።

አስተያየቴ ይሄ ነው፣ ከበዓሉ በፊት ንገሩ። በበዓሉ ዕለት አይደለም፣ ከበዓሉ በኋላም አይደለም። አሁን ስድስት ሳምንት ሲቀረው።

«እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ብነግራት ትሞትብኛለች» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔም ብያለሁ። እሺ፣ እናትሽ ጋ በቀጥታ አትደውይ። መርዶ እንኳ ባገራችን በወግ ነው የሚነገረው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጠዋት በማለዳ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው። ይሄ ደግሞ መርዶ አይደለም፣ አንቺ በሕይወት አለሽ፣ ሕክምና ላይ ነሽ። ያንኑ ወግ ለዚህም ተጠቀሚበት። ልቡ የጠና አንድ ሰው ምረጪ፤ ታላቅ ወንድም ይሁን፣ የእናትሽ ጓደኛ ትሁን፣ የንስሐ አባት ይሁን። መጀመሪያ እሱ ይስማ፣ ቀን መርጦ ቤት ሄዶ አጠገቧ ተቀምጦ ይንገራት፣ መድኃኒቷን ዋጥ አድርጋ። ከዚያ ወዲያው አንቺ በቪዲዮ ቅረቢ። ፊትሽን ትይ። ሰው በሐሳቡ የሚስለው ሁልጊዜ ከእውነቱ ይብሳል።

ልጆችም ይነገራቸው። ዝርዝሩን ማለቴ አይደለም። እኔ ለሴቷ ልጄ ያልኳት «ጡቴ ላይ በሽታ ነበረ፣ አወጡልኝ፣ እንዳይመለስ መድኃኒት ይሰጡኛል፣ ፀጉሬን የወሰደው መድኃኒቱ ነው፣ ይበቅላል» ብቻ ነው። ለትንሹ ደግሞ መላጣዬን አሳየሁት፣ ከአያቱ ጋር አመሳሰለኝና ሳቀ። አለቀ። ሦስት ወር የፈራሁት ነገር አምስት ደቂቃ አልወሰደም።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው ልምጣ። ይሄኛውን በደንብ አንብቡት፣ ማንም ስላላስረዳኝ በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። የኔ ዓይነት ኬሞ በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። ከዚያ ሰው ቀለል ሲለው ዳንኩ ይላል፤ ግን ከሰባተኛው ቀን እስከ አሥራ አራተኛው ገደማ ነው ነጭ የደም ሴል እጅግ የሚወርደው። መልክሽ ደህና ይመስላል፣ ሰውነትሽ ግን በር የሌለው ቤት ነው፤ ጉንፋኑም ተቅማጡም ዝም ብሎ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ደም ይመለሳል፣ ምግብ ይጥማል፣ ከዚያ እንደገና ሌላው ዙር።

ያለፈው ዓመት የኔ ሦስተኛ ዙር ታኅሣሥ 22 ነበር። ቁጠሩት፣ ገና በሰባተኛው ቀን ዋለ። ጥምቀት ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ አራተኛው ዙር ጥር 13 ሊሰጠኝ ሁለት ቀን ሲቀረው። ገናን እንደ ሬሳ ተኝቼ ነው የዋልኩት፣ ጥምቀትን ግን ዶሮ በላሁ። በእጄ ሠርቼ! እነ እናቴም ሲሰሙ ጥምቀትን የእኔ ገና አድርገውት ድፎ ጋግረው በቪዲዮ ቆረሱልኝ። ቀጠሮ በበዓል አይገፋም፣ በዓል ግን በቀጠሮ ሊገፋ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ማሸጋሸግ ሐኪሙ ሊፈቅድ ይችላል፣ ጠይቁ፤ «የበዓል ሰሞን ይለፍ» የሚባለው ግን ሳምንታት ነው፣ እሱን ሐኪም አይፈቅድም፣ በሽታውም አይፈቅድም።

ለልጅቷ ዓርብ ዕለት በስልኳ ካላንደር አስቆጠርኳት። ኅዳር 23 ብትጀምር ሁለተኛው ታኅሣሥ 14 ነው፤ ገና በአሥራ አምስተኛው ቀን ይውላል፣ ማለት ደም መመለስ ሲጀምር። ፀጉር አይኖራትም፣ ዶሮ ወጥ ግን ትበላለች። ገና ይለፍ ብላ ብትቆይ ደግሞ ከአምስት ሳምንት በላይ ነው የምታጣው። ከገና ቀጥሎስ? ጥምቀት አለ። ከጥምቀት ቀጥሎ ማዳሟ የረመዳን ዝግጅት ትጀምራለች። አወቃችሁት አይደል፣ የኔው መንገድ ነው።

የምግቡ ነገር። በዓል ላይ ያለን ምግብ ግማሹ ጥሬ ነው። ቁርጥ፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎ፣ ጥሬ ዱለት፣ ካልፈላ ወተት የወጣ እርጎና አይብ፣ እነዚህ ኬሞ ላይ ላለች ሴት እስክትጨርስ ድረስ ይቅሩባት። በደንብ የበሰለ ዶሮ፣ የበሰለ እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ ምስር፣ አጥሚት ይሁን። እንግዳ ቤት ስትሄጂ «ብዪ እንጂ፣ አጉርሼሽ» የምትል አትጠፋም፤ የሰው እጅ ጉርሻ በዚያ ሳምንት ይለፍሽ፣ ፍቅሩን ተቀበዪና እንጀራውን በራስሽ እጅ ቁረሺ። ሙቀትሽ 38 ከደረሰ ደግሞ በዓልም ይሁን እኩለ ሌሊት፣ ፓናዶል ውጠሽ የምትጠብቂው ነገር አይደለም፣ ወዲያው ሆስፒታል።

ጾሙስ? ነቢያት ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጥያቄው አሁን ይመጣል። እኔ የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅሁ፣ ሳልጨርስ ነው እንድበላ የነገሩኝ፤ ሕመምተኛ በጾም አይገደድም። ሙስሊም እህቶቼም ታውቁታላችሁ፣ የታመመ ሰው ረመዳንን አፍጥሮ በኋላ ነው የሚከፍለው፣ መክፈል ያልቻለም መንገድ አለው። ስለ ጠበልም ልናገር፣ እኔ ራሴ አገር የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። ግን ጠበል ልትጠመቅ ብላ ኬሞዋን ያቋረጠች፣ ከዚያ ስትመለስ ሐኪሙ ምንም ማድረግ ያልቻለላት ሴት አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ ቅጠላ ቅጠል የምትሉም፣ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል።

የማዳሞቻችን በዓልስ? ይሄ ብዙ የማይወራው ነው። የኔ ቀዶ ሕክምና ግራ በኩል ነው፣ ከብብቴም ንፍፊቶች ወጥተዋል። እንዲህ የተደረገላት ሴት እጇ ሊያብጥ ይችላል፤ ከባድ ነገር መሸከም፣ መቆረጥ፣ መቃጠል ያባብሰዋል። እስቲ አስቡት፣ የእኛ ሥራ ከነዚህ ሦስቱ ሌላ ምን አለው? ጀሪካን መሸከም፣ ምንጣፍ መጠምዘዝ፣ ዘይት ላይ መጥበስ፣ ክሎሪን። ያም ሆኖ እጁን አስሮ ማስቀመጥም አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ በጣት ወደ ላይ መውጣት፣ ፀጉር እንደማበጠር ማድረግ፣ ሐኪሟ ያሳየችኝን በየቀኑ እሠራለሁ። ሥራ ላይ የጎማ ጓንት አድርጌ ነው፣ ከባዱንም ወደ ቀኝ አዛውሬያለሁ። በዚያ እጅ ደም ግፊትም አይለካ፣ መርፌም አይወጋ።

ያኔ የነበርኩበት ቤት ማዳም ስነግራት አቅፋኝ አለቀሰች። የሁለት ወር ደመወዝም ሰጠችኝ፣ አልዋሽም፣ እግዜር ይስጣት። ግን እንግዳ ይመጣል፣ ልጆቹ ይፈራሉ አለችና ሻንጣዬን አስያዘችኝ። ቤተሰቡ ውስጥ አንዷ «ይተላለፋል?» ስትል ሰምቻለሁ። ካንሰር አይተላለፍም፣ በትንፋሽም በዕቃም በምግብም። እኛ ራሳችን አንድ ክፍል ለአምስት የምንኖር ሴቶች ይሄን እናውቅ። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ኬሞ በተሰጠች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ሽንት ቤቱን ክዳን ዘግታ ሁለት ጊዜ ውኃ ትልቀቅበት፣ ያስታወከችበትን ጨርቅ ለብቻ ትጠብ። እኔ ቀዩን መድኃኒት ስወስድ ሽንቴ ቀይ ሆኖ ደም መስሎኝ ልሞት ነበር በድንጋጤ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጡ።

ሥራ ስታጡ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ የኔ የመጣው ከእቁብ ነው። ተራዋ የነበረች ልጅ ለቀቀችልኝ። ዛሬም ስሟን ሳልጠራ አመሰግናታለሁ። ጦርነት ያለበት አገር ነውና መድኃኒት አንዳንዴ ከየፋርማሲው ተለቅሞ ነው የሚገኘው፣ እሱን ሲያዞሩልኝ የዋሉ ልጆችም አሉ። ስለዚህ በየሰፈራችሁ እቁብ ያላችሁ፣ «የታመመች ተራ ትቀድማለች» የምትል አንዲት ቃል ከአሁኑ ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል። ለሟች አስከሬን መላኪያ ስናዋጣ ማንም አይቀድመንም፤ ለምን በቁሟ አናዋጣላትም?

«እዚሁ ልታከም ወይስ አገሬ ልግባ» የሚለውን እኔ አልመልስላችሁም፣ የሁላችንም ነገር ይለያያል። የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓደን ላይ ሼክ ዑስማን አል-ሰዳቃ ሆስፒታል ውስጥ የካንሰር ማዕከል አለ፣ ኬሞ ይሰጣል። ጨረር ግን እኔ ስታከም ዓደን አልነበረም፤ ሰነዓ ነው ያለው፣ ለእኛ ደግሞ የጦር መስመር አቋርጦ ሰነዓ መሄድ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጡቴ ሙሉ በሙሉ የወጣው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አገር ቤት ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፣ አሁን ጅማና ሐረርም ጀምረዋል። ኬሞ ጎንደርም አለ። የጥቁር አንበሳ ተራ ረጅም ነው፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ደግሞ አዲስ አበባ ማደሪያው ነው የሚገድለው። በ1996 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ ቤት አለው፤ አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ነው። ከዓደን ወደ አዲስ አበባ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ አይኦኤም የምንለው፣ በፈቃዳቸው ለሚመለሱ በረራ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ሕመም ያለባችሁ ስትመዘገቡ ወረቀታችሁን አሳዩ። የምትገቡ ከሆነ ደግሞ የናሙናውን ውጤት፣ የተሰጣችሁን መድኃኒት ስምና የዙሩን ቁጥር በጽሑፍ ሳትይዙ እንዳትሳፈሩ። ያለዚያ እዚያ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

ሌላ በአጭሩ፣ የማኅፀን በር ነገር። አክስቴ የሞተችበት ቀድሞ ከተገኘ ሳይከፋ የሚቆም በሽታ ነው። አገር ቤት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን በአሲድ ነገር ቀብተው ወዲያው የሚያዩበት ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አለ፣ ለዕረፍት ስትገቡ አንድ ጠዋት ስጡት። ለሴት ልጆቻችንም ከ2011 ጀምሮ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት አለ። የኔዋ ተወግታለች። «ያመክናል» የሚል ወሬ ሰምታ አያቷ ልታስቀራት ነበር፣ በስልክ ነው የተሟገትኳት።

ይሄን ሁሉ አንብባችሁ «አንቺ ስለዳንሽ ነው እንዲህ የምትይው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ዳንኩ አልልም። በየቀኑ አንዲት ፍሬ እውጣለሁ፣ አምስት ዓመት ነው የተባልኩት፤ በየስድስት ወሩ እታያለሁ፣ በየስድስት ወሩ ሆዴ ይላወሳል። ብብቴ ሥር የነበረችው ሁለተኛዋ፣ በየካቲት ሄጄ ቢሆን ኖሮ ትኖር ነበር ወይ ብዬ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ዱክቱራዋን ጠይቄያት ነበር። «ይሄን ጥያቄ ተዪው» አለችኝ።

ልጅቷ ላይም እንዳልፈርድባት። የእሷን እናት አላውቃትም። ምናልባት እውነትም ልቧ የማይችል ሴት ትሆናለች። ምናልባት የሚላከው ብር የበዓል ብቻ አይሆንም፣ የቤት ኪራይ ይሆናል፣ የወንድም ትምህርት ይሆናል። ዓርብ ዕለት ስትወጣ «እሺ» አላለችኝም። «አስባለሁ» ነው ያለችኝ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ትናንት ማታ ድምፅ ልካልኛለች፤ ታላቅ ወንድሟ ጋ ደውላ አላነሳም፣ ዛሬ እንደገና እሞክራለሁ ብላለች። ማዳሟን እኔ አናግሬያታለሁ፣ ማክሰኞን ፈቅዳለች፣ ስለሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ምንም አላለችም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሰዓቱ ኮረብታ ሥር ዳባብ የሚቆምበት ቦታ እጠብቃታለሁ። ሎሚና ፌስታል እይዛለሁ፣ ስንመለስ መዓላ ሳንደርስ ያስፈልጋታል። ሻርፕም አለኝ፣ ጥጥ የሆነ፣ ላቡን የሚመጥ። ያኔ እኔ ሳጣው የነበረው ዓይነት።